የአሞጽ እህት በሰርቦ

ወንድሟ አሞጽ ከሞተ በኋላ ሩሃማ ባጃጅ ደጃቸው ላይ በቆመ ቁጥር ከተቀመጠችበት መነሳት አልተወችም። አሞጽ ከሥራ ሲመለስ ገና ከባጃጁ ሳይወርድ ነበር የሚጠራት። "ሩሃማ!" ይላል፤ እሷም "አቤት!" እያለች ትወጣና የያዘውን ተቀብላው ትገባለች። አንዳንድ ቀን ሙዝ ነው፣ አንዳንድ ቀን ዳቦ። ምንም ባልያዘበት ቀንም ይጠራታል። አሁን ባጃጁ ጎረቤት አውርዶ ይሄዳል፤ እሷ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ትመለሳለች። እናቷ ልያ ይህን እያየች አትወቅሳትም። እሷም አንዳንዴ ቀድማ ትነሳለችና።

አባታቸው ከቦዲቲ ለቡና ለቀማ ጅማ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ የጭቃ ቤት ሠርቶ፣ ሩሃማ ገና ፊደል ሳትለይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘው አሞጽ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ አቶ ዓለምብርሃን የሚባሉ ቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ሆነ፤ እህቱን አስተማረ። በቤተክርስቲያናቸውም ይዘምር ነበር። ድምፁ ዜማ የሚባል ነገር አይዝም። የመዘምራኑ መሪ ከኋላ ረድፍ፣ ማይክ የማይደርስበት ቦታ ነበር የሚያቆመው፤ እሱ ግን ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ሩሃማ ያንን የተጣመመ ድምፅ ከሃያ ሰው መሃል ለይታ ጉባኤ መሃል ስትስቅ እናቷ ትቆነጥጣት ነበር።

የሞተው በሚያዝያ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰው መጥቶ የአቶ ዓለምብርሃን ፒካፕ ከሰኮሩ ወዲህ ከመንገድ ወጥታ ተገልብጣለች አላቸው። ሬሳው ከመድረሱ በፊት ወሬው ደረሰ። ሹፌሩ ታሞ ስለነበር አሞጽ "መንዳት እችላለሁ፣ መንጃ ፈቃድም አለኝ" ብሎ ዋሽቶ፣ የጌታውን ልጅ ሊዮልን አሳምኖ መኪናዋን ይዞ ወጣ ተባለ። ራሱ ሞተ፣ ሊዮል ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ይህን የተናገረው ራሱ ሊዮል ነው፤ ከሱ ሌላ ምስክር አልነበረም።

ሩሃማ ላገኘችው ሁሉ "አሞጽ መኪና መንዳት አይችልም" ትል ነበር። ሰዎቹም እያዘኑላት "እሱማ ነው የገለበጣት" ይሏታል።

በቀብሩ ላይ ጸሎቱ አጭር ነበር። ሴቶቹ ከንፈር እየመጠጡ በመሃሉ ይንሾካሾካሉ፤ የሰው ልጅ ሊያስፈጅ፣ ያልሆነውን ነኝ ብሎ። ልያ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ወንበር ተቀመጠች፤ ቆይታ ደግሞ ጭራሽ ቀረች። እሑድ ጠዋት ልብስ ታጥባለች። መዝሙሩ ከሩቅ ሲሰማ ውሃውን አብዝታ ታንቦጫቡጫለች።

ሩሃማ በዓመቱ ኮሌጅ ገብታ ፋርማሲ መማር ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳትነግር ወንድሟ የሞተበትን ቦታ ለማየት በሚኒባስ ወደ ሰኮሩ ሄደች። መንገድ ዳር ፍራፍሬ የምትሸጥ ሳሊሀ የምትባል ሴት ዘንድ ቁጭ ብላ፣ እዚህ አካባቢ የተገለበጠች ነጭ ፒካፕ ታስታውስ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀቻት። ሳሊሀ መጀመሪያ ማንነቷን ጠየቀቻት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። መኪናዋ እዚሁ ቆማ ነበር። መሪውን የያዘው ቀይ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ያለው ልጅ ነው፤ ስልኩን እያየ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው ጠይም ወጣት በመስኮት እጁን አውጥቶ ማንጎ መረጠ። "ለእናቴ ነው፣ የበሰለውን ስጭኝ" አላት፣ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ተሰማ። ሳሊሀ ባሏ "አንቺ ምን አገባሽ፣ ባለሀብት ናቸው" ስላላት እስከ ዛሬ ዝም ብላለች።

ሩሃማ ወደ ጅማ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አላለቀሰችም። ልትገድለው ወሰነች።

ኅዳር ሲገባ ትምህርቷን ለማቋረጥ ከኮሌጁ ዊዝድሮዋል ሞላች። ለእናቷ ሰርቦ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ተመድቤያለሁ አለቻት። እውነቱ ግን ሰርቦ አጠገብ አቶ ዓለምብርሃን የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ነበራቸው፤ በዚያ ወራት የሚያስተዳድረው ሊዮል ነው። ሊዮል ለቅሶ አልመጣም ነበርና መልኳን አያውቅም። ስሜ ሩቲ ነው ብላ ከለቃሚዎቹ ጋር ተቀጠረች።

ሥራዋ በማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ የተሰበረውንና የጠቆረውን መልቀም ነበር። አጠገቧ የምትሠራው ሠራተኛው ሁሉ በኦሮምኛ አክብሮ አደ ኩልሱም የሚላት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ነች። ኩልሱም ልጅቷ ምሳ እንደማትበላ አይታ ከራሷ ቆሎ ትከፍልላት ጀመር። ከየት እንደመጣች ግን አንድ ጊዜም አልጠየቀቻትም።

ሊዮልን ባየችው ጊዜ የጠበቀችው ሰው አልነበረም። ሎቲውን አውልቋል። የተሰበረው ክንዱ በደንብ አይዘረጋም። ቢሮ መቀመጥ ትቶ ከተሸካሚዎቹ ጋር እሸት ቡና ከመኪና ያወርዳል። መኪና አይነዳም፤ ከጅማ በሚኒባስ መጥቶ በሚኒባስ ይመለሳል። አንድ ቀን የአባቱ ሹፌር ቁልፍ ሲሰጠው እንደ ትኩስ ነገር መልሶ ሲያስጨብጠው አይታለች። እንዲህ ሆኖ ማግኘቷ አናደዳት። ክፉ ሆኖ ብታገኘው ሥራዋ ይቀላት ነበር።

ይባስ ብሎ እሱ ወደሷ መምጣት ጀመረ። ዝናብ ሲጥል ቡናውን ለመሸፈን አብሯት ላስቲክ ይጎትታል። ከየት ነሽ፣ ወንድም እህት አለሽ ወይ ይላታል። የለኝም ትለዋለች። ይህን ባለች ቁጥር ከውስጧ አንድ ነገር ይቆረጣል፤ አመሻሽ ላይ በተከራየችው ክፍል ግድግዳውን እያየች አሞጽን ይቅርታ ትጠይቃለች። የናፈቃት ፊቱ ብቻ አይደለም። ስትታመም ግንባሯን በእጁ ጀርባ ሲነካ የሚሰማት ሻካራነት፣ ጫማውን ሲያወልቅ ግድግዳውን የሚደገፍበት ቦታ፣ ያ ዜማ የማይዝ ድምፁ። ድምፁ ደግሞ እየራቃት ነበር። ዓይኗን ጨፍና ስትጣራው መልኩ ይመጣል፣ ድምፁ ግን አይመጣም።

ከመፈልፈያው በስተጀርባ የቡናው ልጣጭና እጣቢ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ላዩ በአረፋ ስለሚሸፈን መሬት ይመስላል። ባለፈው ዓመት በሬ ገብቶበት አልወጣም፤ ኩልሱም ነች ያስጠነቀቀቻት። በጉድጓዱ ላይ ጣውላ ተጋድሟል፤ ከጣውላው ማዶ የውሃው መዝጊያ አለ። ወዲያ የሚሻገረው ሊዮል ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ከልክሏል።

አንድ ዓርብ ሙስሊሞቹ ሠራተኞች ለጁምዓ ሄደው፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ግቢው ጸጥ ባለበት ሰዓት ሩሃማ ወደ ጉድጓዱ ዳር ወረደች። ተሻግራ ጣውላውን ከማዶው ድጋፍ ጋር የያዙትን ምስማሮች በብረት ፈለቀቀች። ተመልሳ ጣውላውን ከማዶ ጫፉ ብቻ እንዲያርፍ አድርጋ ሳበችው። ከዚያ ወደ አልጋዋ ተመልሳ ቡናዋን ትለቅም ጀመር።

ሰዎቹ ሲመለሱ ማሽኑ ተነሳ። ሊዮል ግን ወደ ጉድጓዱ አልሄደም፤ ወደሷ መጣ። ኩልሱም ውሃ ልትጠጣ ሄዳ ነበር። አልጋው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና በሚቀጥለው ሳምንት አባቱ ወደ አዲስ አበባ ሊልኩት እንደሆነ ነገራት። ለምን ብትለው፣ "እናገራለሁ ስላልኩ" አላት።

"ምኑን?"

"ሰው ገድያለሁ፣ ሩቲ።"

ሩሃማ ቀና አላለችም። እሱም መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ። መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ሊነዳ ፈልጎ እንደነበር፣ አብሮት የነበረው ልጅ ደጋግሞ ተው እንዳለው፣ እሱ ስልክ እያየ መኪናዋ ከመንገድ እንደወጣች ነገራት። ለአባቱ ደወለ። አባቱም "ነጂው እሱ ነበር በል፤ እሱ ከእንግዲህ አይጎዳም፣ አንተ ግን እስር ቤት ትገባለህ" አሉት። እሱም እንደተባለው አለ።

"ግን ልጁ ያኔ አልሞተም ነበር" አለ ሊዮል። "አባቴ ይህን ሲለኝ በሕይወት ነበር። ጭንቅላቱ እኔ ጭን ላይ ነው። ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ ያወራኝ ጀመር፤ ያለኝ ነገር ነው የማያስተኛኝ..."

ከመፈልፈያው በኩል ሰው ተጣራ። እጣቢው ሞልቶ ወደ ቦዩ እየተመለሰ ነው፣ መዝጊያውን ቶሎ ክፈት ይላል። ሊዮል ተነሳ። "ቆይ፣ ከፍቼ ልምጣ" አላት።

ሩሃማ ሲሄድ አየችው። "ጣውላው" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ ነበር። አፏ ውስጥ ነበረች፤ አላወጣቻትም። ሊዮል ጣውላው ላይ ወጣ፣ መሃሉ ደረሰ፤ ጣውላው ከማዶ ሸርተት አለና ይዞት ወረደ። ማሽኑ ይጮኽ ስለነበር ማንም አልሰማም። አረፋው ተከፍቶ ተዘጋ።

ለዚህች ቅጽበት ነበር ይህን ሁሉ ወር የኖረችው። ደስታ ጠበቀች፤ የመጣው ግን ደስታ ሳይሆን ጥያቄ ነው። አሞጽ ምን አለው?

ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እየሰጠመ ነው።

ሮጠች። በቦዩ ውስጥ ቡና የሚገፋበትን ረጅም እንጨት አንስታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። ሊዮል ፊቱ በጥቁር አተላ ተሸፍኖ ብቅ ሲል እንጨቱን ዘረጋችለት፤ በደህናው እጁ ያዘው። አልሳበችውም።

"ምን አለህ?" አለችው። "አሞጽ ምን አለህ?"

ስሙን ስትጠራ ዓይኑ ተከፈተ። እሱ ስሙን አልነገራትም ነበር።

"እህቱ ነኝ" አለች። "ሩሃማ ነኝ።"

ሊዮል አያት። ከዚያ ጣቶቹን ከእንጨቱ ላይ ፈታ። ማንም አላስለቀቀውም፤ ራሱ ነው የለቀቀው። ሩሃማ በዚያን ጊዜ ነው የጮኸችው። በደረቷ ተኝታ፣ ግማሽ አካሏን ወደ ጉድጓዱ አውርዳ የሸሚዙን ኮሌታ ያዘች። አትሞትም፣ ሳትነግረኝ አትሞትም ትላለች። ክብደቱ ወደ ታች ይጎትታታል፤ አገጯ አረፋውን ነካ። ኩልሱም ጩኸቱን ሰምታ ደርሳ እግሯን ባትይዛት ኖሮ ሁለቱም በቀሩ ነበር። ሌሎች ተጨመሩና ጎትተው አወጧቸው።

ሊዮል አስመለሰው፣ ሳለ፣ ቆይቶ ትንፋሹ ተመለሰ። ሰዎቹ ልብስ ፍለጋ ሲበተኑ ሩሃማ ሳሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ኩልሱም ትከሻዋን ይዛ "ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ትላታለች፤ ምን ሆነሽ ልጄ ማለቷ ነው። ሩሃማ አልሰማቻትም። ሊዮልን ብቻ ነው የምታየው።

"መጨረሻ ላይ ማየት አቃተው" አለ ሊዮል። "አንቺ መስዬው ነበር። ሩሃማ ብሎ ተጣራ። ዝም አልኩ። ደግሞ ተጣራ፣ ደግሞ። ሲያሳዝነኝ... አቤት አልኩት።"

ሩሃማ አፏን በእጇ ያዘች።

"እማዬ ጄሪካን እንዳትሸከም፣ ወገቧን ያማታል፤ እኔ መጥቼ እቀዳለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። በሩን እንዳትዘጊ፣ መጣሁ አለ። አልዘጋም አልኩት። ከዚያ ትንሽ አዜመ። ምን እንደሆነ አላወቅኩትም፣ ዜማ አይመስልም።"

በዚያች ሰዓት፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ የአሞጽ ድምፅ ተመለሰላት። እንደዚያ ተጣሞ፣ እንደዚያ ጮክ ብሎ። ሩሃማ እስኪደክማት አለቀሰች። ኩልሱም ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት፣ የሆነው ነገር ሳይገባት አብራት አለቀሰች።

ሊዮል ለጠየቀው ሁሉ ጣውላው አርጅቶ ነበር አለ። ሩሃማ ይህን ስትሰማ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። በአሞጽ ላይ የተዋሸው ውሸት አመድ አድርጓት ኖሮ አሁን ለሷ የተዋሸውን ተሸክማ ልትኖር አልቻለችም። ጠዋት ለኩልሱም ስለ ምስማሮቹ ነገረቻት። ኩልሱም "ያ ረቢ" ብላ ፈጣሪዋን ጠራች። ከዚያ እናትሽ ዘንድ ሂጂ፣ ከኔ በፊት ይህን መስማት የነበረባት እሷ ናት አለቻት።

ልያ ሁሉንም ቁጭ ብላ ሰማች። ሳሊሀን፣ ሰርቦን፣ ጣውላውን። ሩሃማ ስትጨርስ ልያ "አሞጽን አንዴ ቀበርኩት" አለቻት። "አንቺን ደግሞ በቁምሽ ልታስቀብሪኝ ነበር።" ከዚያ ስለ ውሃና ስለ እሳት ካልሆነ በስተቀር ለብዙ ቀን አላነጋገረቻትም። ሩሃማም አልተቆጣችም።

ሊዮል አዲስ አበባ አልሄደም። አንድ ከሰዓት በኋላ በቾ ቦሬ ድረስ በእግሩ መጥቶ ደጃቸው ላይ ቆመ። ልያ ግባ አለችው። አልቀመጥም ብሎ ቆሞ፣ እናቴ ይቅር በሉኝ አልልዎትም፣ የመጣሁት እውነቱን ከኔ አፍ እንዲሰሙ ነው አላት። ነገራት። ልያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ብዙ አመመው?"

"መጀመሪያ ላይ አዎ" አለ። "በኋላ አይመስለኝም። በኋላ ቤቱ የገባ ይመስለው ነበር።"

ልያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይታ ስትዞር፣ ከኔ ጋር ጨርሰሃል፣ ልጄ ይዘምርበት የነበረው ቤተክርስቲያን ደግሞ ሂድና ንገራቸው አለችው። በሚቀጥለው እሑድ ሊዮል በማያውቀው ቤተክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ አሞጽ አልዋሸም፣ መኪናዋንም አልነዳም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ወጥቶ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። አባቱ ጠበቃ ቀጥረው ልጄ አእምሮው ታሟል ብለው ተከራከሩ። ሳሊሀ ግን ባሏን አስከትላ ከሰኮሩ መጥታ መሰከረች። ሩሃማም የራሷን አልደበቀችም፤ ሊዮል መክሰስ አልፈልግም ስላለና ራሷ ስላወጣችው በገደብ ተለቀቀች። ሊዮል ተፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብ ሩሃማ የሆነ ነገር ይቀልለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። የቀለላት ጥላቻው ነው፤ ናፍቆቱ እንዳለ ቀረ፣ እንዲያውም ቦታ አገኘና ተደላድሎ ተቀመጠ።

ልያ ወደ ቤተክርስቲያን ተመለሰች። ከፊት ወንበር ልታስቀምጣት የመጣችውን ሴት ግን እዚሁ ይሻለኛል አለቻት። ሩሃማ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ትምህርቷ ገባች።

የማንጎ ወቅት ሲደርስ ልያ ሰኮሩ ውሰጂኝ አለቻት። አደጋው የደረሰበትን ቦታ ማየት ግን አልፈለገችም። ሳሊሀ ዘንድ ነው የሄዱት። ሳሊሀ አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ የልያ ኦሮምኛም እንደዚያው፤ ሩሃማ መሃላቸው ተቀምጣ ታስተረጉም ጀመር። ልያ ልጄ ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር አለች፤ ሰማያዊ ነገር አለቻት። ደስ ብሎት ነበር ወይ አለች። ሳሊሀ ስቆ ነበር፣ ሲስቅ ደግሞ እንዲህ አንገቱን ይሰብራል ብላ አሳየቻት። ልያ ያንን አንገት አየችና እሷም ሳቀች። ደግመሽ አሳዪኝ አለቻት። ሳሊሀ ደገመችላት። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ሩሃማ ተነስታ ሚኒባስ ልታይ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ወደ ጅማ የሚሄድ አንድ መጣ፣ ረዳቱም ተጣራ። ዞር ብላ ብታይ እናቷ ገና አልጠገበችም። ረዳቱን ሂድ ብላ በእጇ አሰናበተችውና ቀጣዩን ልትጠብቅ ዳር ላይ ተቀመጠች።